ታሪክ ወይስ አካውንቲንግ? ለደሴዋ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የመጀመሪያ ዓመትሽን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ መሆኑን ጽፈሽልኛል። የጥንቷ ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) ያን ሁሉ አገር እንዴት ታስተዳድር እንደነበር ካነበብሽ ወዲህ ልብሽ ታሪክ ላይ ቀርቷል። አባትሽ ደግሞ ኮምቦልቻ በንብረት ክፍል የኖሩ ሰው ናቸውና «ታሪክ እንጀራ አይሆንም፣ አካውንቲንግ ያዢ» ብለውሻል። ከአያትሽ ተምረሽ ዓረብኛ እንደምታነቢም ነግረሽኛል፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር በደብዳቤሽ ግርጌ ጣል ማድረግሽ ገርሞኛል፣ ምክንያቱም ከያዝሽው ሁሉ ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

መልሴ፦ ታሪክ ያዢ። ግን የወደድሽው ነገር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂው።

ስለ ፋርስ አስተዳደር ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ከሁለት ወገን የተነገረው ነበር። አንዱ ንጉሡ ራሱ ነው። ከ522 እስከ 486 ቅ.ል.ክ. የገዛው ዳርዮስ በምዕራብ ኢራን ባለው የቤሂስቱን ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ ባስቀረጸው ጽሑፍ የሚገዛቸውን 23 አገሮች ይዘረዝራል። ሌላው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው፤ ግዛቱ በ20 የግብር አውራጃዎች ተከፍሎ በሳትራፖች (በንጉሡ በተሾሙ አገረ ገዥዎች) ይተዳደር እንደነበር፣ በዛሬዋ ቱርክ ካለችው ከሰርዴስ በኢራን ወዳለችው ሱሳ በሚወስደው የንጉሥ መንገድ ላይም 111 ማረፊያዎች እንደነበሩ ጽፏል። የሁለቱ ዝርዝር አይገጥምም። ንጉሡ የኃይሉን ስፋት ማሳየት ነበር የፈለገው፣ ሄሮዶቱስም ከውጭ ሆኖ ያጠያየቀውን ነው ያሰፈረው።

ነገሩን የለወጠው የጸሐፊዎች ወረቀት ነው፤ ወረቀት ስል የሸክላ ጽላት ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ቆፋሪዎች የፋርስ ነገሥታት ከተማ በነበረችው በፐርሰፖሊስ ምሽግ ግንብ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጽላቶችና ስብርባሪዎች አገኙ። አብዛኞቹ በኤላምኛ (በደቡብ ምዕራብ ኢራን በነበረ ጥንታዊ ቋንቋ)፣ ጥቂቶቹ በአራማይክ የተጻፉ ሲሆኑ ከ509 እስከ 493 ቅ.ል.ክ. ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። ጦርነትና ድል የለባቸውም። ገብስ፣ ወይን፣ በግ፣ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በማን ትእዛዝ፣ የማን ማኅተም አረፈበት፤ ያለው ይኸው ነው። ከሳትራፕ የታተመ የይለፍ ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ በየጣቢያው ለራሱና ለተከታዮቹ ቀለብ ይቆረጥለት ነበር። የወለደች ሠራተኛ ተጨማሪ ቀለብ ታገኛለች፤ ወንድ የወለደችው ግን ሴት ከወለደችው እጥፍ ትቀበላለች። በፐርሰፖሊስ የአስተዳደሩ የበላይ የነበረው ፓርናካ፣ ዳርዮስ ባዘዘው መሠረት ለንጉሡ ሚስት ለኢርታሽዱና 100 በግ እንዲሰጥ ቃሉን ያስተላለፈበት ጽላት እንኳ እስከ ዛሬ አለ። ንጉሡ ለቤተሰቡ በግ ለመስጠት ሲፈልግም ነገሩ በጽሑፍና በማኅተም ያልፋል!

ይህን ለአባትሽ አጫውቻቸው። ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ሲያስቆርጡ የኖሩ ሰው ከብዙ መምህር በላይ ይገባቸዋል፤ ያዘዘው፣ ያወጣው፣ የተረከበው፣ ፊርማው። የአስተዳደር ታሪክ አጥኚ በየዕለቱ የሚሠራው የኦዲተር ሥራ ነው። ስለዚህ የሁለታችሁ ምርጫ የሚመስላችሁን ያህል የተራራቀ አይደለም። ታሪክ ይዘሽ የሒሳብ አያያዝ መሠረታዊ ኮርስና ኤክሴል ጨምሪበት እልሻለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እነዚያ ጽላቶች የሚናገሩት ስለ ፋርስ እምብርት ብቻ ነው፣ ያውም ስለ 16 ዓመት ገደማ። ግብፅ በፋርስ ሥር እንዴት ትኖር እንደነበር ለማወቅ አስዋን አጠገብ ካለችው የኤሌፋንቲን ደሴት የተገኙትን የአራማይክ ፓፒረሶች ማንበብ ያስፈልጋል። ከአንድ መዝገብ ቤት የተገኘን ነገር ለመላው ግዛት መስጠት የጀማሪ አጥኚ ፈተና ነው።

እዚህ ላይ የአያትሽ ትምህርት ይመጣል። አራማይክ የዓረብኛና የግእዝ ዘመድ ነው። ግእዝ ብትጨምሪ በዚህ መስክ ብዙዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከዜሮ የሚጀምሩትን አንቺ ከግማሽ መንገድ ትጀምሪዋለሽ። ግእዝ የሚያስተምር ሰው ለማግኘትም ከወሎ መውጣት አያስፈልግሽም።

የሥራውን ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። በአገራችን ስለ ጥንቷ ፋርስ ብቻ አጥንቶ የሚቀጠርበት ቦታ አታገኚም። የታሪክ ምሩቅ የሚገባው በብዛት ወደ መምህርነት ነው፤ ከዚያ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ ወደ ሙዚየም፣ ወደ መዛግብት ሥራና ወደ አስጎብኚነት። ቦታው ጠባብ ነው፣ ፉክክሩም ብዙ። ፋርስን ማጥናት የሚቻለው ለማስተርስ ወደ ውጭ በመውጣት ሲሆን፣ የሚያወጣሽም ቋንቋሽና በመጀመሪያ ዲግሪሽ የምትሠሪው ጥናት ነው። ያ ጥናት ደግሞ ስለ ወሎ ይሁን። የሐይቅ እስጢፋኖስን ጥንታዊ ወንጌል አስቢ፤ የገዳሙን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ከቅዱሱ ጽሑፍ በተጨማሪ በውስጡ የተመዘገቡትን ማስታወሻዎች ይፈልጋሉ። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድም የወሎን እስልምና ታሪክ ያጠኑት በዓረብኛ የተጻፉ የአገር ቤት ጽሑፎችን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር እያመሳከሩ ነው። በእጅ ጽሑፍ ላይ የሠራሽው ጥሩ መመረቂያ ወረቀት ለስኮላርሺፕ ኮሚቴ «ይህች ልጅ ምንጭ ማንበብ ታውቃለች» ይላል፤ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጥብሻል።

ሌላም የሥራ በር አለ፤ እኔ በጣም የማምንበት። የፐርሰፖሊስ ጽላቶች ለጥናት በውሰት ቺካጎ ሳሉ፣ ኢራን ላይ ካሳ የተፈረደላቸው ሰዎች ይሸጡልን ብለው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተከራከሩባቸው። አጥኚዎቹ ጽላቶቹ ከእጃቸው ሳይወጡ እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ ለመመዝገብ ሌት ተቀን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከሳሾቹን ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ ፎቶዎቹ ግን ዛሬ አንቺም ደሴ ተቀምጠሽ በኢንተርኔት የምታያቸው ሆነዋል። የእኛ ገዳማትና መስጊዶች፣ የየቤቱ ሳጥንም ጭምር፣ ገና ፎቶ ያልተነሳ ብዙ ጽሑፍ ይዘዋል። በካሜራና በካታሎግ ሥራ የሠለጠነ የታሪክ ምሩቅ ደግሞ ብዙ አይደለም።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ግእዝ ወይም የመዛግብት አያያዝ ኮርስ በስንተኛው ዓመት እንደሚሰጥ ጠይቂ። ከዚያ አያትሽ ዘንድ ካሉት ኪታቦች አንዱን፣ ከፈቀዱልሽ፣ ግልጽ አድርገሽ ፎቶ አንሺና በዳር በዳሩ የተጻፈውን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሰሽ ላኪልኝ። ሥራው አስደስቶሽ እንደሆነ አልያም አሰልችቶሽ እንደሆነም አብረሽ ጻፊልኝ።