ያገኘሽውን ግንድ ማስፈለጥ ያዋጣ እንደሆነ

እህቴ፣ «ለመንገድ ሥራ ከተቆረጡ ዛፎች ተፈቅዶልኝ ግንድ ሰብስቤአለሁ፤ ቅጠሉ ረግፏል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈላጭ ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ስሸጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምድጃዬም እስካሁን የእንጨት ነው።

ከፈላጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገርሽ በፊት ከየዓይነቱ አንዳንድ ጉማጅ ብቻ አስፈልጪ። ዝናብ የመታው ቅርፊት ያታልላል፤ የተፈለጠው ፊት ግን ይናገራል። ጥድ ከሆነ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ መዓዛውም ወዲያው ያውድሻል። ሲነድ ግን ፍንጣሪ ይረጫልና ልጆች አይጠጉት። ግራቪሊያ ጎኑ እንደ ዳንቴል የተዝጎረጎረ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ብሳና ሲደርቅ ይቀልላል፣ ጭሱም ያስለቅሳል፤ ለእርሱ የፈላጭ ገንዘብ አልከፍልም። ወይራ ካገኘሽ ግን ቡናማና ዥንጉርጉር ልቡን አይተሽ ደስ ይበልሽ፤ ፍሙ ለወጥ ይቆያል፣ ስንጥሩም ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል።

ክብደት ብቻውን አያሳምንሽ። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱም እንጀራውን ሳይሆን ውኃውን ሲያተን ይውላል። ሁለት ፍልጥ አጋጪ፦ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ምስማር በእጅ ተገፍቶ የሚገባበት ግንድ ደግሞ በስብሷልና ተዪው።

ባሕር ዛፍ ከሆነ ዛሬውኑ አስፈልጪ። እኔ አንድ ዓመት «ይድረቅ» ብዬ ወፍራም ግንድ በጋውን ሙሉ አቆየሁ። ሲደርቅ ተጠማዘዘ፤ ሽብልቁ ገብቶ አልወጣ አለ፣ ፈላጩም እኩለ ቀን ላይ ምሳሩን አስቀምጦ የሁለት ቀን ዋጋ ጠየቀኝ። ሰውየው ትክክል ነበር፣ ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ እርጥቡን አስፈልጬ፣ ድንጋይ ላይ ደርድሬ፣ ላዩን ብቻ ሸፍኜ ጎኑን ለንፋስ እተወዋለሁ። ለምጣድ ቀጭን ፍልጥ ነው የሚሻለው፤ ነበልባሉ እስከ ምጣዱ ጠርዝ መድረስ አለበት። ጉጥ የበዛበትን ግን ከፈላጩ ጋር አትከራከሪበት፤ ለድግስ ድስት እንዳለ ይነድዳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ከግንዶቹ መካከል የመብራት ምሰሶ ቁራጭ፣ አረንጓዴ ቀለም የያዘ ወይም ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ካለ ምድጃሽ አጠገብ አይድረስ። ምስጥ እንዳይበላው በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ነጭ ወተት የሚያወጣ ቁልቋልም እንዲሁ፦ ጎረቤቴ ስትቆርጥ ጠብታው ዓይኗ ገብቶ ሦስት ቀን ብርሃን ማየት አልቻለችም።

የፈለጥሽውን ፊት በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ቅርፊቱም አብሮ ይታይ። ማታ ጋግሬ ስጨርስ አየዋለሁ።