ሹንጊኩ ለምን መረረ?

ጥያቄ፦ ቅጠሉ እንደ አትክልት የሚበላውን የክሪዛንተመም አበባ ዓይነት፣ ጃፓኖች ሹንጊኩ የሚሉትን፣ ጓሮዬ ውስጥ ዘርቼ ነበር። አበቃቀሉ ግሩም ነበር። ግን ቅጠሉን በደንብ ሳልለቅም ቢጫ አበባ አወጣ። ቅጠሉም እንደ ሬት መረረ። ቀቅዬ ስሞክረው ደግሞ ባሰበት። ችግሩ ከዘሩ ነው?

መልስ፦ ዘሩን አይውቀሱ። ተክሉ ያደረገው የለመደውን ነው። የዱር ዝርያው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው የመጣው። እዚያ በዝናባማው ቀዝቃዛ ወራት ቅጠሉን ያበዛል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ቶሎ አብቦ ዘሩን ይጥላል። የእርስዎም ሙቀት ሲሰማውና ቀኑ ሲረዝምበት ወደ አበባው ቸኮለ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ መጠንከሩና መምረሩ አይቀርም። ውሃ ሲያጥረውም እንደዚሁ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ቶሎ ይጎዳል።

ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለውን ወቅት ጠብቀው ይዝሩ። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ከ25 በላይ ሲሆን ግን በቃ፣ አበባ ይጠብቁ። ወቅቱን መምረጥ ካልቻሉ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝ መደብ ይስጡት። ዘሩን ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አይቅበሩት፤ ብርሃን ሲያገኝ ይበልጥ ይበቅላል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ሁሉንም ባንዴ ከመዝራት ደግሞ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢዘሩ ሁልጊዜ ለጋ ቅጠል አያጡም።

ችግኞቹ ሲጠጋጉ በመካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ያህል እየተዉ ያሳሱ። የነቀሉትን እንዳይጥሉ! በጥሬው ለሰላጣ ከዚያ የተሻለ የለም።

አለቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ሲደርስ ጫፉን ይቁረጡ፤ ከታች 4 ያህል ቅጠል ይተዉ። ከቀሩት ቅጠሎች ብብት አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ደጋግመው ይለቅማሉ። ለጋነቱን ለማወቅ ግንዱን በጣትዎ ሰበር ያድርጉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጊዜው ነው። እንደ ክር እየተጎተተ ካስቸገረ አርጅቷል። እምቡጥ ያዩ ቀን ወዲያው ይቁረጡት፤ ጥቂት ቀን ያተርፋሉ።

ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ) በለጋው ጫፍ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። በውሃ ግፊት ያራግፉት። በየጊዜው በሚለቀም ቅጠል ላይ ኬሚካል መርጨት አልመክርም። በዚያው ልክ፣ ከአበባ ሻጭ የተገዛ ክሪዛንተመም ቅጠሉን ቀንጥሶ መብላት አይሞከርም። እሱ ለጌጥ የለማ ሌላ ተክል ነው፤ ብዙ ጊዜም መድኃኒት ተረጭቶበታል።

አሁን ወደ ድስቱ። በእሳት ላይ ሲቆይም ይመርራል፤ የእርስዎ ቅጠል ሲቀቀል የባሰበት ለዚህ ነው። እንደ ቆስጣ አያብስሉት። ውሃው ሲንተከተክ መጀመሪያ ግንዱን ይንከሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ቅጠሉን ይጨምሩ፣ ከ15 ሰከንድ በኋላ ሁሉንም አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። ጨመቅ አድርገው የተቆላ ሰሊጥና አኩሪ አተር ሶስ ጣል ቢያደርጉበት ያ ልዩ መዓዛው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጃፓኖች በሾርባ ድስት ሲሠሩትም መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምሩት፤ ጠውለግ ሲል ይበላል። አበባውም ይበላል፤ ግን ቢጫዎቹን የአበባ ቅጠሎች ብቻ ነጥለው፣ መሃሉ ይመርራልና።

መራራ ነገር ጨርሶ የማይወዱ ከሆነ በሚቀጥለው ሰፊ ቅጠል ያለውን ዝርያ ይግዙ፤ ለስለስ ይላል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀው መዓዛው ይበረታል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፤ ያለ መዓዛው ሹንጊኩ ምኑ ሹንጊኩ ነው? ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ ስላለው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ሹንጊኩ እነ አደይ አበባና ሱፍ ካሉበት የዴዚ ቤተሰብ ስለሆነ፣ የዚህ ቤተሰብ አበቦች አለርጂ የሚያስነሱበት ሰውም ይጠንቀቅ።

አሁን ያበቡትን በተመለከተ፣ ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ሦስት ለዘር ይተዉና የቀሩትን ነቅለው ብስባሽ ውስጥ ይጨምሩ። አበባው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ዘሩን ይሰብስቡ። ካልሰበሰቡት ራሱን ዘርቶ ባላሰቡት መደብ ላይ ይበቅልብዎታል።