ልጄ በፍልሰታ እንቁላል ቢበላ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ቤት ነው የሚውለው። ዝናቡ አላስወጣ ስላለው ከሞባይል ጋር ተጣብቋል። አሁን ደግሞ ፍልሰታ ሊገባ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ «ልጅ በፍልሰታ ካልጾመ መቼ ሊጾም ነው? እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ገና ልጅ ነው፣ እንቁላሉን ስጪው» ይላል። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ስወስደው ይሮጣል፣ አያስቀድሰኝም፤ ሰውም ይቆጣኛል። ማታ ለጸሎት ስንቆም ወይ ይስቃል ወይ ይተኛል። ምን ላድርግ? ለኪዳነ ምሕረትስ ዘጌ ይዤው ብሄድ ይከብዳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከእንቁላሉ ልጀምር። ኃጢአት አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ ጾም አይገደድም። በአገራችን ልጅ ጾም መልመድ የሚጀምረው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ያውም እንደ አቅሙ። እስከዚያ እንቁላሉንም፣ ወተቱንም፣ የጣናን ዓሣም ይብላ። በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ነው።

አማትሽ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ፍልሰታ በእኛ ዘንድ የልጆች ጾም ያህል ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት ነጠላ ለብሰው፣ ተሰልፈው የሚቆርቡትን ሕፃናት አይተሻል። እሳቸው የሚናፍቁት ይህን ነው። ስለዚህ «ልጄን አያስርቡብኝ» ብለሽ አትከራከሪያቸው። ይልቅ ሥራ ስጪያቸው። ማታ ማታ የእመቤታችንን ታሪክ ይንገሩት። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ መጀመሪያ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው፤ እናቱ ኤውንቄ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አያት ያለችበት ቤት ልጅ ሃይማኖቱን የሚማረው ከእሷ ጉልበት ሥር ነው። ይህን በእኔ ስም ብትነግሪያቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ልጁ ራሱ «እኔም ልጹም» ቢልስ? ይላል፤ ልጅ ትልቅ ሰው ያደረገውን ማድረግ ይወዳል። እሺ በይው። ከረሜላውን ወይም ብስኩቱን ይተው፤ ወይም ቁርሱን ትንሽ አዘግይተሽ ስጪው። ጠዋት «እጾማለሁ» ብሎ ረፋድ ላይ ቢርበው አብዪው፣ አትሳቂበት። እንግዳ ፊትም «የእኔ ጿሚ!» እያልሽ አታወድሺው። ተገዶ የሚጾም ልጅ ምን እንደሚማር እነግርሻለሁ፤ ከበር ጀርባ በልቶ አፉን ጠርጎ መውጣት ይማራል። ይህ ደግሞ አድጎም አብሮት ይቆያል። ሐዋርያው «ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው» ያለው ለአባቶች ነው፤ እናትና አያትም ቢሰሙት አይጎዳም።

አሁን ወደ ቅዳሴው። ዋናው ይህ ነው። በፍልሰታ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቀደሰው ቀትር ላይ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይቆያል። የአምስት ዓመት ልጅ እስከዚያ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ጸጥ ብሎ ይቁም ብንል እኛው ነን የምንበድለው። ቅዳሜና እሑድ ግን ቅዳሴው ጠዋት ነው። ልጅሽን የምታቆርቢው በእነዚህ ቀናት ይሁን። ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፣ ምንም ሳይቀምስ ይዘሽው ትመጫለሽ፣ ቶሎም ይፈታል። በሌላው ቀን ከባለቤትሽ ጋር ተፈራረቁ፤ አንዳችሁ ስታስቀድሱ አንዳችሁ ልጁን ጠብቁ።

ቤት የዋልሽበት ቀን የባከነ እንዳይመስልሽ። የሳሙኤል እናት ሐናን አስቢ። ያን ያህል አልቅሳ፣ ተስላ ልጅ ከተሰጣት በኋላ ባሏ በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲወጣ እሷ አልወጣችም። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ቤቷ ተቀመጠች። ስእለቷን ግን አልረሳችም።

ስትወስጂው በር አካባቢ ቁሚ። መቁነጥነጥ ሲጀምር ሳይጮህ በፊት ወደ ግቢው አውጪው፤ ዛፍ ሥር ትንሽ ይንሸራሸርና ተመለሱ። ካህኑ ሲያጥኑ፣ ወንጌል ሲወጣ በጆሮው ንገሪው፤ «አሁን ወንጌል ሊነበብ ነው፣ እንቁም» በይው። ሞባይል ሰጥተሽ ግን ዝም አታሰኚው። ዝም ይላል፤ ግን እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ለሚቆጡሽም ሰዎች አንድ ነገር ልበል፦ ጌታ «ሕፃናትን ተዉአቸው፥ ወደ እኔም ይመጡ ዘንድ አትከልክሉአቸው» ያለው ልጆቹን ለገፉት ለገዛ ደቀ መዛሙርቱ ነው። ሕፃን ስላለቀሰ ቅዳሴ አይታጎልም።

ከቆረበ በኋላ የዕለቱን ነገር ጠንቀቅ በይ። አፉን በነጠላው ሸፍኚለት፣ ጸበል አጠጪው፣ እንዳይተፋ ንገሪው። በክረምቱ ጭቃ ኳስ ሲያባርር ወድቆ ደም እንዳይፈሰው ያን ቀን ቤት ያሳልፍ። ዝርዝሩን የንስሐ አባታችሁ ይነግሩሻል፤ እሳቸውን ሳታማክሪ አታቁርቢው።

የማታው ጸሎት ረዝሞበታል። የሙሉ ሰው ጸሎት ለልጅ አይሆንም። የራሳችሁን እሱ ሲተኛ አድርሱ። ከእሱ ጋር «አባታችን ሆይ» እና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ ይበቃል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን የተከፋፈለ ስለሆነ ረጅም አይደለም። ደግሞ ለልጅ የተመቸ ነገር አለው፤ በየመሐሉ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ይላል። አንቺ አንብቢ፣ እዚያ ስትደርሺ ዝም በይና እሱ ይበለው። ተራው እስኪደርስ አፍ አፍሽን ሲያይሽ ታገኚዋለሽ። እንቅልፍ ካሸነፈው ደግሞ ከእራት በፊት አድርጉት። ቢስቅም ይሳቅ፤ ልጅ ነው።

ስለ ሞባይሉ ብዙ አልልም። ካርቱን ማየት ኃጢአት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ማየት ግን ልጅን ያፈዛል። ሰዓት ወስኚለት። አንቺም እሱ ፊት ስልክሽን አስቀምጪ፤ አለዚያ አይሰማሽም። ኦሪት ቃሉን ለልጆችህ አስተምር ስትል «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም» ትላለች። ሽሮ ስታማስዪ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጣና ዳር ስትወጡ፣ ያኔ ነው የሚጠይቅሽ። «ጌታ በውኃ ላይ የሄደው እንደዚህ ባለው ላይ ነው?» ቢልሽ ትምህርቱ ተጀመረ።

ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው፤ በጾሙ መሐል የመጣ የልጆች በዓል። ሙልሙሉን አብሮሽ ያድቦልቡል፤ ዱቄቱ ፊቱን ቢያለብሰው ግድ የለም። የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ሙልሙሉን በእጁ ይስጣቸው። እግረ መንገድሽን ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን እንደገለጠ፣ እረኞችም ቀን መስሏቸው ሜዳ ስለቆዩ ቤተሰቦቻቸው ዳቦ ይዘው እንደወጡ ንገሪው። ከብዙ ስብከት የበለጠ ይህ ይገባዋል።

ዘጌስ? ነሐሴ 16 ኪዳነ ምሕረትም የእመቤታችን ዕርገትም ነው፤ እዚያው ዘጌ ወዳለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ መልካም ነው። ልጅን ወደዚያ መውሰድ የምወደው ለሥዕሎቹ ስል ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ ሁሉ መጽሐፉ እሱ ነበር። ሁሉንም ላሳየው ብለሽ አታድክሚው። ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ ላይ፣ በእመቤታችን ምልጃ የዳነውን በላዔ ሰብንም አሳዪው፤ ቀሪውን ራሱ እየጠቆመ ይጠይቅሽ። በዓል ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ እጁን እንዳትለቂ። በጀልባ ከሆነ ጠዋት ሂዱና ጠዋቱን ተመለሱ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ነፋስና ዝናብ አይጠፋም። የሕይወት ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ ይዘሽ አትሳፈሪ፤ ከሌለ በመኪና መንገዱ ሂዱ።