«ዋጋ ስጠይቅ የታበይኩ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ። የጸሎት ማኅበራችን እህቶች ያሠሩኝና ሒሳብ ላይ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ይሄዳሉ። ሥራዬን ሲያደንቁልኝም «ኧረ እኔ ምንም አልችል» እላለሁ። ክርስቲያን ራሱን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ነው፤ ውስጤ ግን ከፍቶታል። ምን ይሻለኛል?
ጠላፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ትሕትና ሌላ፣ ራስን ማቃለል ሌላ። እስቲ ዘጸአት 31ን ግለጪ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ለእጅ ሥራ ነው፤ በወርቅ፣ በብር፣ በእንጨት እንዲሠራ። ምዕራፍ 35 መጨረሻ ላይ ደግሞ የጠላፊ ሥራም በስም ተጠቅሷል (ሰባኪዎቻችን ይቺን ለምን እንደሚዘልሏት እንጃ)። ታዲያ ጥበቡ ከእርሱ ከሆነ «ምንም አልችል» ማለት ስጦታውን መካድ አይሆንም? ሮሜ 12፥3 ከሚገባው አልፋችሁ አታስቡ ይላል እንጂ ከሚገባው በታች አስቡ አይልም።

ገንዘቡንም በተመለከተ «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ያለው ጌታ ራሱ ነው፤ ሉቃስ 10፥7። ያዕቆብ 5፥4ማ የተከለከለ ደመወዝ ይጮኻል ይላል።

ከእንግዲህ ዋጋውን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ቀብድ ሳትቀበዪ መርፌ አታንሺ። ለተቸገረች ልትሰጪ ከወደድሽ «ይኼ ስጦታዬ ነው» ብለሽ ስጪ። ሲያደንቁሽ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። የቀረብሽን ሒሳብም በየስማቸው ጽፈሽ ጠይቂ። አንዳንዷ ታኮርፍ ይሆናል። ታኩርፋ!