በፓስ ወደ አገር ቤት ለምትበሩ ወገኖቼ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ጋሼ፣ ለገና አዲስ አበባ መግባት እፈልጋለሁ፤ የምትሰጠኝ ፓስ ይኖርህ ይሆን?» ይሉኛል የጓደኞቼ ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ አንዳንዴም ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው። በዋሽንግተን አካባቢ አየር ማረፊያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሻንጣ ጫኝ ነበርኩ፣ ኋላም የመሳፈሪያ በር ላይ ተመደብኩ። ፓሱ፣ ማለትም አየር መንገድ ለሠራተኞቹ፣ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው የሚፈቅደው የነፃ ወይም የቅናሽ ጉዞ፣ አለኝ። ለገና ግን ለማንም አልሰጥም። ንፍገት አይደለም፤ የሚጠይቁኝ ትኬት ነው፣ እጄ ላይ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው።

ፓስ ወንበር አይደለም። ትኬት የገዛው ሁሉ ከገባ በኋላ ባዶ ወንበር ከተረፈ «ግባ» ለመባል ተራ የመያዝ ፈቃድ ነው። ተራውም ቀድሞ ለመጣ አይደለም። ሠራተኛውና ቤተሰቡ ይቀድማሉ፤ ከሠራተኞቹም መካከል በብዙ ኩባንያዎች የቆየው ከአዲሱ ይቀድማል፤ የወዳጅ ፓስ የያዘ ሰው ከሁሉም በታች ነው። ስለዚህ «አሥር ወንበር ባዶ አለ» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ ሻንጣ አትዝጉ። መጠየቅ ያለባችሁ ከእናንተ በላይ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ነው። እሱም ቢሆን ይለዋወጣል። ማለዳ የነበረው ባዶ ወንበር፣ ሌላ በረራ ተሰርዞ ተሳፋሪዎቹ ወደዚህ ሲዛወሩ፣ ማታ አይገኝም።

ሰዓቱ ሲቃረብ በሩ አጠገብ ያለው ስክሪን ላይ ስም ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው የአባት ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላትና የራስ ስም አንድ ፊደል ብቻ ነው። ተስፋዬ፣ ተሾመና ተሰማ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሦስቱም አጀማመራቸው አንድ ነው። አንድ ምሽት ሦስት ያገሬ ልጆች ያንኑ ስም አይተው በአንድ ጊዜ ሲነሡ አይቻለሁ። ወንበሩ የአንዷ ነበር። ሁለቱ ቦርሳቸውን መልሰው መሬት ሲያስቀምጡ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ሙሉ ስማችሁ እስኪጠራ ጠብቁ፣ ከበሩም አትራቁ። የመጨረሻዎቹ ወንበሮች የሚታደሉት በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በዚያች ሰዓት ቡና ፍለጋ የሄደ ሰው ስሙ ይጠራል፣ ይደገማል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ይሰጣል።

መቼ ይሻላል ብትሉኝ፣ የአገራችንን የቀን መቁጠሪያ ክፈቱና ድግስ የሌለበትን ወር ፈልጉ። ከፈረንጆች ገና ዋዜማ እስከ ጥምቀት ማግሥት ያለውን ጊዜ እርሱት። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸውን የክረምት ወራትም እንዲሁ። ፋሲካ ሲቃረብ አውሮፕላኑ ይሞላል፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርግ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሠርጉም ይቆማል፣ በዓል ፈላጊውም ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ሂዱ። ጥቅምትና ኅዳርም መልካም ናቸው።

መሄዱ ከመመለሱ ይቀላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ነዳጁንም፣ ሰውንም፣ ጭነቱንም ሙሉ አድርጎ ለመነሣት ይቸገራል። ከዋሽንግተን ያለማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ የበረረው አውሮፕላን ሲመለስ ለዓመታት መንገድ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ይጨመርበታል። ስለዚህ ባዶ ወንበር በዓይናችሁ እያያችሁ «ክብደት ሞልቷል» ተብላችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። የበሩን ሠራተኛ አትቆጡ፤ እሷ የምታነበው የተላከላትን ቁጥር ነው። ሰኞ ሥራ ያለው ሰው እሑድ ለመግባት አይነሣ። ሁለት ቀን፣ ቢቻል ሦስት ቀን ትርፍ ይዛችሁ ተነሡ። በተለይ በዶሃና በዱባይ ሆናችሁ በሠራተኛ ትኬት የምትበሩ፣ የፈቃዳችሁ የመጨረሻ ቀን የመነሻ ቀናችሁ እንዳይሆን።

ከዓመታት በፊት በአውሮፓ በኩል ስሄድ ፍራንክፈርት ላይ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። አጠገቤ እንደኔው በፓስ የምትጓዝ የደሴ ልጅ ነበረች፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የምትሄደው፣ ግሪን ካርድም አላት። ግሪን ካርዱ ትራንዚት ላይ አውሮፕላን ለመለወጥ ይበቃታል፤ ከአየር ማረፊያው ለመውጣት ግን የሼንገን ቪዛ፣ በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልጋታል። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለኝ ወጥቼ ሆቴል መተኛት እችል ነበር፤ እሷን ለብቻዋ ትቼ መውጣት አልሆነልኝም። ሦስት ወንበር ገጥመን፣ ለእናቴ የገዛሁትን ብርድ ልብስ ከከረጢቱ አውጥተን፣ በየተራ ተኛን። «በቪየና ወይም በብራሰልስ በኩል እንሞክር» ስላትም አልሆነም፤ ከአንድ የሼንገን አገር ወደ ሌላው መብረር ወደ ሼንገን መግባት ነውና። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የምትቆሙበት ከተማ ብትቀሩ ምን እንደሚገጥማችሁ አስሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የመንገደኞች መብት ደንብ በነፃ ወይም ለሕዝብ በማይሸጥ ቅናሽ ዋጋ የሚጓዝን ሰው አይመለከትም። ማደሪያም ምግብም ከራሳችሁ ኪስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ለመመለስ የሚበቃ ገንዘብ ካርዴ ላይ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሻንጣ አታስረክቡ። እናንተ ቀርታችሁ እሱ ሊሄድ፣ እሱ ቀርቶ እናንተ ልትሄዱ ትችላላችሁ። የእጅ ሻንጣ ብቻ ያዙ። ስትመለሱ ግን እናት ያዘጋጀችው በርበሬና ሽሮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቃችኋል፤ ምንነቱ በፍተሻው ካልተረጋገጠም ይጣላል። ሌሊቱን የተቆላ፣ በፀሐይ የተሰጣ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የተያዘለት በርበሬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲወድቅ ማየት ያማል። ትኬት ገዝቶ ለሚመጣ ዘመድ ስጡት።

በፓስ የማይኬድባቸው ጉዞዎችም አሉ። የመጀመሪያው ለቅሶ ነው። መርዶ የተረዳ ሰው ለቀብሩ ባይደርስ እንኳ ለሠልስቱ ይደርስ ይሆናል፤ በር ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ እያነባ እንዲጠብቅ ግን ማንም አይፍቀድ። ትኬት ግዙለት፤ ማኅበርም እድርም የተቋቋመው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሠርግ ነው፣ በተለይ ሚዜ ከሆናችሁ። ሦስተኛው፣ እንግሊዝኛ የማትችል እናትን ለብቻዋ በፓስ ማምጣት። ብዙ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለሠራተኛው ወላጆች ፓስ ይፈቅዳሉ፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አብራችኋት ሁኑ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስሟ በፈረንጅ አፍ ተጣምሞ ሲጠራ የእሷ መሆኑን ሳታውቅ የቀረች እናት እኔው ራሴ ሮጬ ከወንበሯ አንሥቻለሁ። ሮጦ የሚያነሣት ሁልጊዜ አይገኝም። ከቤተሰብ ጋር የምትሄዱ ደግሞ፣ አምስት ሆናችሁ ሁለት ወንበር ብቻ ቢገኝ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ቤት ሳላችሁ ተስማሙ። በሩ ላይ ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚሰጣችሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ፓስ አይሸጥም። በመካከላችን ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ሸጦ ሥራውን ያጣ የሦስት ልጆች አባትም አውቃለሁ። ፓስ የሰጣችሁ ሰው ስሙን ነው ያዋሳችሁ። በሩ ላይ ብትጮኹ፣ ሰክራችሁ ብትገቡ፣ የአለባበስ ደንቡን ብትጥሱ፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወዳጅ ጉዞ ዋጋ እንደ ሠራተኛው ገቢ ተቆጥሮ ከደመወዙ ላይ ግብር ሊቆረጥበት እንደሚችልም እወቁ። ወንበር ስታገኙም ሳታገኙም ደውሉለት። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ የላክሁት ሰው ገባ አልገባ ብዬ በረራውን የምከታተል ሰው ነኝ።

ይህን ሁሉ ብዬ ለምን እበራለሁ? አምና በየካቲት፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፣ ረቡዕ ማታ ከሥራ ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ በላይ አራት ሰው ነበር፣ ባዶው ወንበር ከሃምሳ በላይ። ዓርብ ማለዳ የእናቴን የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ብቀር ማንም እንዳይጠብቀኝ። ለጥምቀት ስሄድ እናቴን የማገኛት ጀርባዋን ነው፤ እንግዳ ስትቀበል፣ ወጥ ስታማስል፣ ዘመድ ስታስቀምጥ። በዚያ ሳምንት በግ አልታረደም፣ ጎረቤት አልተጠራም። እስከ ቅዳሴ መውጫ ትጾማለች፤ ከዚያ ሽሮና ጎመን ቀርቦ ሁለታችን ብቻ እንበላለን። ቡናውን እስከ በረካ ስንጠጣ፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳላት ነገረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝ ነገር ነው። «ሰው ሲበዛ ይህ አይወራም» አለች። ማክሰኞ ማታ ለመመለስ ተመዝግቤ አውሮፕላኑ ሞላ፤ አንድ ሌሊት ተጨመረልኝ፣ በሩን ስትከፍትልኝም እንደ መጀመሪያው ቀን እልል አለች።

ለገና የከለከልኳችሁ ልጆች፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደውሉልኝ። ስትደውሉ የምትሄዱበትን ቀን ሳይሆን የምትችሉትን ሳምንት ንገሩኝ፤ ቀኑን አብረን እንመርጣለን።