ለውሻ ጥሬ ሥጋ በትንሽ ወጪ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ውሻን ጥሬ ሥጋ ስለ መመገብ የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ። የብር ዋጋ አልጻፍኩም፤ የሥጋ ዋጋ በበዓል ሌላ፣ በአዘቦት ሌላ ነውና ዛሬ ያልኩት ነገ አይሠራም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ርካሽ የሆነው ሁሉ ጥሬውን አይሰጥም። ከሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ በቀላሉ የሚገኘው ሳንባ፣ ጉበትና ጉሮሮ ነው፤ ጣጣ የሚያመጣውም እሱው ነው።

ጥያቄ፦ 20 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ውሻ አለኝ። በቀን ስንት ልስጠው? ምን ከምን ጋር?

ለአዋቂ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ለእርስዎ ውሻ በ2.5 በመቶ እንጀምር፣ 500 ግራም ይሆናል። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ 330 ግራም አጥንት የሌለው ሥጋ (ቅንጥብጣቢ፣ ልብ፣ የታጠበ ጨጓራ)፣ 120 ግራም የዶሮ አንገት ከነቆዳው ወይም የዶሮ ጀርባ፣ 25 ግራም ጉበት፣ 25 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ። ጉበቱን፣ ኩላሊቱንና ጣፊያውን ቀቅለው ነው፤ ምክንያቱን ከታች አለ። ሁለት ጊዜ ይስጡት፣ ጠዋትና ማታ።

በወጥ ቤት ሚዛን ለአንድ ሳምንት ብቻ ይመዝኑ፤ ከዚያ ዓይንዎ ይለምደዋል። ውሻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፤ ይህን በየ15 ቀኑ ያድርጉ። ጎድኑን ሲዳብሱት አጥንቱ በእጅ መቆጠር አለበት፤ በዓይን ከሩቅ መቆጠር ግን የለበትም። ጉበቱን «ይወደዋል» ብለው አይጨምሩበት። ቫይታሚን ኤ በሰውነት ስለሚጠራቀም ለወራት ሲበዛ አጥንትና መገጣጠሚያ ያበላሻል።

ሰገራው ይነግርዎታል። ነጭና ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል፣ ጥቁርና የሚዝለገለግ ከሆነ የሆድ ዕቃ በዝቷል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ሥጋ በየቀኑ ከአቅሜ በላይ ነው። ሩዝ ብቀላቅልበት «ጥሬ አመጋገብ አይደለም» ይሉኛል።

ይበሉ። ውሻ ከሰው ጋር ስንት ሺህ ዓመት ኖሮ ሩዝም እንጀራም መፍጨት ይችላል። ለ20 ኪሎ ውሻ የሚያዋጣው ቅልቅል ይሄ ነው፦ 250 ግራም ሥጋ፣ 60 ግራም የዶሮ አንገት፣ 25 ግራም የተቀቀለ ጉበት፣ 250 ግራም ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝ (ደረቁ 85 ግራም ገደማ ነው)። ወደ 900 ካሎሪ ይጠጋል፣ ግቢ ለሚውል ውሻ ይበቃዋል። ከሩዙ ይልቅ ቂንጬ ወይም የተቀቀለ ድንች መሆን ይችላል። ደረቅ እንጀራም ችግር የለውም፤ ፍርፍር ግን አይሆንም፣ ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። የወጥ ትርፍራፊ የማልመክረው በበርበሬው ምክንያት ብቻ አይደለም።

የዶሮ አንገት ካላገኙ የእንቁላል ቅርፊት ይተካዋል። አጥበው 10 ደቂቃ ይቀቅሉት፣ ያድርቁት፣ በቡና መፍጫ ዱቄት እስኪሆን ይፍጩት። በጣት ሲያሹት የሚቧጥጥ ከሆነ ገና አልደቀቀም። ለ1 ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ አንድ ልኩ የሆነ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ፤ ከዚህ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤቱ ሳንባና ጉበት በነፃ ይሰጠኛል። ጥሬውን እያበላሁ ነው፣ ውሻው ምንም አልሆነም።

ውሻው ምንም አይሆንም፤ የሚታመሙት እርስዎና ልጆችዎ ናችሁ። በከብት፣ በበግና በፍየል ሳንባና ጉበት ውስጥ የሚገኝ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል። ውሻ ይህን ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም የኮሶ ትል ዓይነት በብዛት ያድጋል። አይከሳም፣ አያስመልሰውም። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከዳበሰው እጅ ወደ አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ዓመታት ወስዶ ያድጋል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። በአገራችን ደግሞ ብርቅ በሽታ አይደለም።

ጉበቱን ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት። ከላዩ ነጣ ብሎ ያበጠ፣ ሲጫኑት እንደ ፊኛ የሚመለስ እብጠት ካለ ቢላዋ አያስነኩት፤ ሲወጋ ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል፣ ትሉን የሚያራባው ፍሬ በዚያ ውሃ ውስጥ ነው። እንዳለ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ሲቆርጡት አሸዋ እንዳለበት የሚንቋቋ፣ ከቱቦው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል የሚወጣው ግን ሌላ ነው፣ የጉበት ትል ይባላል። ውሻ ላይ ብዙ ጉዳት ባያመጣም እንዲህ ያለ ጉበት ይጣል።

ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ጉበት፣ ኩላሊትና ጣፊያ ቆራርጠው 30 ደቂቃ ይቀቅሉ። ሳንባን ሁልጊዜ ይቀቅሉ፣ ማቀዝቀዝ አይበቃውም፤ የከብት ቲቢ በፍሪዘር አይሞትም። ሳንባ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ክዳን ይጫኑበት፣ አለዚያ ላዩ ጥሬ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ እሰጠዋለሁ። አይበቃም?

የትኛውን ነው ጥያቄው። ለተለመደው የሆድ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል ይህንን የኮሶ ትል በአስተማማኝ አያጠፋም። የሚያጠፋው ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም። ለሰው ቢልሃርዚያ የሚሸጠው ባለ 600 ሚሊግራም ፍሬ ለ120 ኪሎ ማለት ነው፤ ስለዚህ በግምት ቆርሶ መስጠት ሳይሆን ውሻውን አስመዝኖ ከእንስሳት ሐኪም መቀበል ይሻላል። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ጥሬ የሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ላለው ውሻ በየ6 ሳምንቱ የሚባለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሰጡት በኋላ የ3 ቀን ሰገራውን በጓንት ሰብስበው በጥልቀት ይቅበሩ።

ጥያቄ፦ የ3 ወር ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አለኝ፤ ንጹህ ቀይ ሥጋ ብቻ ነው የማበላው። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ እየተንጋደዱ ነው።

ዛሬውኑ አቁምና ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ከምንም የማይቆጠር ነው። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይበደራል። መጀመሪያ ያነክሳል፣ ከዚያ በመዳፉ መቆም ትቶ በቁርጭምጭሚቱ ይተኛል፣ ሲብስ ከደረጃ ሲዘል ይሰበራል። ሥጋው «ንጹህ» መሆኑ ነው ጥፋቱ።

«ወተት እጨምርለታለሁ» እንዳትል። 1 ሊትር የላም ወተት ያለው ካልሲየም 1.2 ግራም ገደማ ነው፤ 12 ኪሎ የደረሰ ቡችላ በቀን ከ3 ግራም በላይ ይፈልጋል። ካልሲየም በመርፌም በኪኒንም በራስህ አትስጠው፤ ትልቅ የሚሆን ዝርያ ላይ መብዛቱም አጥንት ያጣምማል። የእኔ ምክር ለትልቅ ዝርያ ቡችላ እስከ 12 ወሩ የታሸገ የቡችላ ምግብ ነው። ገንዘብ የሚቆጠበው አዋቂ ውሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አጥንትስ? ቅልጥም እሰጠዋለሁ፣ ደስ ይለዋል።

ቅልጥም የሚሰብረው ጥርስ ነው። የከብት የእግር አጥንት ከውሻ ጥርስ ይጠነክራል፤ ከላይ ያለው ትልቁ መንጋጋ ሲሰነጠቅ ማስነቀያው ከአንድ ወር ሥጋ ይበልጣል። መቅኒውን ከፈለጉ አውጥተው ይስጡት።

የሚበላ አጥንት ማለት ጥሬ የፈረንጅ ዶሮ አንገት፣ ጀርባ፣ ክንፍና እግር ነው። የሀበሻ ዶሮ አርጅቶ ስለሚታረድ አጥንቱ ድርቅ ያለ ነው፤ በመዶሻ አድቅቀው ካልሆነ አይስጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ፈጽሞ አይሰጥም፣ እንደ ስንጥር ነው የሚሰበረው። ዶሮ ወጥ በተበላ ማግስት አስመለሰው፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሰገራ ከለከለው የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሳያኝክ የሚውጥ ውሻ ከሆነ አንገቱን በአንድ ጫፍ ይዘው ያስግጡት።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ምን እናድርግ? ሰፈሬ ያለው ሥጋ ቤት 55 ቀን ይዘጋል።

የቅበላ ሰሞን ይግዙ። በዚያ ሳምንት ከብት በብዛት ስለሚታረድ ቅንጥብጣቢው ይትረፈረፋል፤ ለደንበኛ ሥጋ ቤትዎ ከሳምንት በፊት ይንገሩትና ዕቃ ይስጡት። በላይኛው ቅልቅል በቀን 250 ግራም ሥጋ ለ55 ቀን 14 ኪሎ ገደማ ነው፣ ትንሽ ፍሪዘር ይይዘዋል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶችም በጾም ክፍት ናቸው። እንቁላል ደግሞ በጾም ይረክሳል፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል በቀን፣ ከሥጋው 50 ግራም ቀንሰው።

አቀማመጡ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። 5 ኪሎ በአንድ ፌስታል አጭቀው ሲከቱት መሀሉ ሳይቀዘቅዝ ይሸታል። የሁለት ቀኑን በአንድ ፌስታል፣ ከ3 ሴንቲሜትር ባልወፈረ ውፍረት ጠፍጥፈው፣ ቀኑን ጽፈው ያስገቡ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትሉ ፍሬ ይሞታል፤ ሳልሞኔላ ግን አይሞትም። ከላይ በረዶ የሚሠራው የፍሪጅ ሳጥን እዚያ ዲግሪ አይደርስም።

መብራት ሲጠፋ አይክፈቱት። ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። ቤት ካልዋሉ አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዘው በረዶው ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ኩባያው ሥር ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪዘር የለኝም። ቋንጣ ባደርገውስ?

ይቻላል፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ። ማድረቅ ብቻውን ጀርም ስለማይገድል ቀጭን ዘልዝለው 10 ደቂቃ ቀቅለው ያድርቁት፤ ጥሬ መሆኑ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። 1 ኪሎ ሥጋ ሲደርቅ 300 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የ250 ግራሙ ምትክ 75 ግራም ቋንጣ ነው፣ በውሃ ዘፍዝፈው። በክረምት አይሞክሩት፣ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ጉሮሮ ከሁሉም ይረክሳል። ዘወትር ብሰጠውስ?

የማንቁርቱን አካባቢ አስወግደው ከሆነ። እዚያ የተጣበቀችው የእንቅርት እጢ ሆርሞን አላት፤ ውሻ በየቀኑ ሲበላት ውሃ ጥም ይበዛበታል፣ ይቅበጠበጣል፣ እየበላ ይከሳል። ማብላት ሲያቆሙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሥጋ የበላ ውሻ ክፉ ይሆናል ይባላል።

አይሆንም። ክፉ የሚያደርገው ዕድሜ ልኩን ታስሮ መዋሉ ነው። ሲበላ ሳህኑ ላይ መነካካት ግን ማንንም ውሻ ያስቆጣል፤ ልጆችን ያርቁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ እዚህ ከሁሉም የሚረክሰው የዶሮ ጭን ነው። እሱን ብቻ ልስጥ?

በ10 ፓውንድ ከረጢት የሚሸጠውን ከሆነ ከአመጋገቡ ሲሶው ይሁን። ከጭኑ ከሩብ በላዩ አጥንት ነውና ሲሶው 10 በመቶ የሚሆን አጥንት ይሰጣል፤ ሁሉንም ካደረጉት የውሻው ሰገራ ይደርቅበታል። የቀረውን በበሬ ልብና በቅናሽ በሚሸጥ ሥጋ ይሙሉት። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ጥሬ ዶሮ ቢቀር ይሻላል፤ በ2024 በወፍ ጉንፋን ከተበከለ ጥሬ የዶሮ ዘር ምግብ የሞቱ ድመቶች አሉ። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጥሬ ሳልሞን እንዳትሰጡ፣ እዚያ ውሻ የሚገድል በሽታ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ያረድነውን የበግ ጮማ አብልቼው ሲያስመልሰው አደረ፣ ጀርባውን ቆልምሞ ይቆማል።

የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ሳይጨምሩበት ዛሬውኑ ያሳዩት። ከጾም በኋላ በአንድ ጊዜ ስብ ማብላት የታወቀ ምክንያቱ ነው። በዓል ሲመጣ ውሻውን በር ዘግተው ያውሉት፤ መንገድ ዳር የተጣለው የሆድ ዕቃ የስድስት ሳምንቱን መድኃኒት ዋጋ ያሳጣል። የእናንተንም ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ቅበሩ።

ጥያቄ፦ ገጠር በራሷ የሞተች ላም ለውሾች ብትሰጥስ?

በፍጹም። በድንገት ሞታ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ጥቁር የማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ያዙት፤ አትክፈቷት፣ አትግፈፏት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ያበደ ውሻ የነከሳትም ከሆነች እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ የ8 ወር ሕፃን አለ። ልቀጥል?

መሬት ላይ የሚድህ ልጅ ካለ ለጊዜው ሁሉንም ቀቅለው ይስጡ፤ አጥንቱ ይቅር፣ ካልሲየሙን በእንቁላል ቅርፊት ይሙሉት። መቀጠል ካለብዎ ግን ግቢ ያብሉት፣ 20 ደቂቃ ሲሞላ የተረፈውን ያንሱ፣ የብረት ሳህኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው በበረኪና ያለቅልቁት። የውሻው መክተፊያ የልጁ ካሮት የሚላጥበት መሆን የለበትም።