የዘይት ሽታ ያልለቀቀው የጠላ በርሜል

ለጠላ ብለህ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የገዛኸው ያገለገለ የፕላስቲክ በርሜል በበረኪና ታጥቦም ዘይት ዘይት የሚሸትህ ቅባቱ ስላልወጣ ነው። በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ቅባት አያነሳም።

1. በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠበው። የክዳኑን ጎማ አውጥተህ ለብቻው እሸው፤ ሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው።
2. ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ፣ እስከ አፉ ሞልተህ አሳድረው።
3. አለቅልቀህ፣ ክዳኑን ከፍተህ አናፍሰው።

በሽቦ ግን አትፈትገው፤ ጭረቱ ውስጥ የቀረው እድፍ ጠላህን ያኮመጥጠዋል። ግራዋ ይበቃል። ወይራ ማጠኑን ለሸክላ ጋን ተወው፣ ፍሙ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እኔ ሻጩ «የዘይት ነው» ቢለኝም ከፍቼ ሳላሸት፣ የቀረ ወረቀት ካለበትም ሳላነብ አልገዛም። ኬሚካል የነበረበት ከሆነ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለሚጠጣ ነገር አይሆንም።